ከሳሽብኝ፣ ወፈርሽልኝ

ጥሩንባ የሚሏት ወሬ ስለምታመላልስ አይደለም። እንዲያውም ምስጢር ቢነግሯት እንደ ጉድጓድ ውጣ የምታስቀር ሴት ናት። ስሙ የወጣላት በድምፅዋ ነው። ፍርድ ቤት ውስጥ ባለጉዳይ ጠሪ ናት፤ ችሎት ሲጀመር በሩ ላይ ቆማ ተራው የደረሰውን ትጠራለች። ሕንፃው አሮጌ፣ ኮሪደሩ ረጅም፣ ግቢው ሰፊ ነው። ባለጉዳይ ደግሞ እንደምታውቁት አንድ ቦታ አይረጋም፤ አንዱ ዛፍ ሥር፣ አንዱ ማመልከቻ ጸሐፊው ዘንድ፣ አንዱ አጥሩ ጥግ ካለችው ሻይ ቤት ነው። እሷ «ከሳሽ!» ስትል ግን ሻይ የያዘው ሻዩን ያስቀምጣል፣ ያንቀላፋውም ይነቃል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ፣ አንድ ደንበኛው ድምፅዋን ሰምቶ በግማሽ የተላጨ ራሱን ይዞ እንደሮጠበት እስከ ዛሬ ያማታል።

ያ ድምፅ ከየት ይመጣል ብትሉ፣ ከዚያ ገላ ነው። ጥሩንባ ሙሉ ሴት ናት። ደረቷ ሰፊ፣ ክንዷ የሞላ፣ ዳሌዋ ወንበር የሚያስጨንቅ። እኔ ይህን የምለው በሙገሳ ነው፤ እሷ ግን እንደ ሙገሳ መስማት ካቆመች ቆይታለች። ልጅ ሳለች አክስቷ «የኔ ድንቡሽ» ስትላት ጉንጯን አስጠግታ ትሰማ ነበር። በኋላ ስልኩ መጣ፣ ፎቶው መጣ፣ ወገባቸው በእጅ የሚጨበጥ ሴቶች በየሱቁ መስታወት ላይ ተለጠፉ። ድንቡሽ የሚለው ቃል ቀስ እያለ ኮመጠጠ።

ነገሩ ደግሞ ያስቃል። ቀኑን ሙሉ «ከሳሽ፣ ከሳሽ» ስትል የምትውል ሴት፣ ዞር ብሎ «ከሳሽ» ያላት አንድም ሰው የለም። ፊደሉ አንድ ነው፣ ድምፁም በመጥበቅና በመላላት ብቻ ነው የሚለየው፤ በአንደኛው ሰው አቤት ይላል፣ ሁለተኛውን እሷ ትመኘዋለች። አንዳንድ ጠዋት ቃሉን ከጠራች በኋላ፣ ለራሷ የተባለ ይመስል፣ ሆዷን ወደ ውስጥ ትስበው ነበር።

እንግዲህ ታናሽ እህቷ ልታገባ ሆነ። እናታቸው ገና በልጅነታቸው ስለሞተች ሁለቱን ያሳደገቻቸው አክስታቸው ናት፤ አክስትየው ሥራ ስትውል ታናሽቱን አዝላ የምትውለው ግን ጥሩንባ ነበረች። ሙሽራዋ ይህን አልረሳችም። ቀኑ እንደተቆረጠ «እታለም፣ ከጎኔ የምትቆሚው አንቺ ነሽ፤ ጓደኞቼ ካንቺ ቀጥሎ ናቸው» ብላ ነገረቻት። እታለም የምትላት ታላቅ እህቷ ስለሆነች ነው። ጥሩንባ ከዚህ ሌላ ከዚያ ሰርግ ምንም አልፈለገችም። ከእህቷ ጎን መቆም፣ በቃ።

ነገር የተበላሸው ልብስ ሰፊዋ ቤት ነው። የሙሽራዋ ጓደኞች ሁሉም ቀጫጭኖች ናቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ቀሚስ ሊለብሱ ተሰብስበዋል። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ፣ ጠባቡ ክፍሏ ውስጥ እየተሽከረከረች ትለካለች። የጥሩንባ ተራ ደረሰና ሜትሩ ወገቧን ዞረ። ልብስ ሰፊዋ ልኩን ጮክ ብላ ተናገረች። ከጓደኞቹ አንዷ፣ ቅንድቧን በእርሳስ የምትስለው፣ «ለእሷ እንኳ የሁለት ሰው ጨርቅ ይያዝላት» አለችና ሳቀች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ አፏ ነው ቀድሟት የሚሄደው። ሌሎቹም ሳቁ። ጥሩንባም አብራ ሳቀች፤ ሲስቁበት አብሮ መሳቅ የለመደ ሰው እንዲህ ነው።

ሙሽራዋ ግን አልሳቀችም። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ጥሩንባ ያንን አየችና «አፈረችብኝ» ብላ በልቧ ፈረደች። የፍርድ ቤት ሰው ሆና እንኳ ምስክር አልጠራችም።

«ከዚህ ላይ ቀንሺው» አለች ልብስ ሰፊዋን። «ከእነሱ ሰፋ ባለችው ልጅ ልክ ስፊው። እስከ ሰርጉ እከሳለሁ።»

«ማንን?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ስፒሎቿን ከከንፈሯ ሳታወጣ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቹን አወጣችና ረጋ ብላ አየቻት። «ያልሽኝን እሰፋለሁ፣ እህቴ። ግን ጨርቅ ይሉኝታ አያውቅም። ኋላ እንዳታለቅሺብኝ።»

«ስፊው» አለች ጥሩንባ። ቃል ከአፍ ከወጣ አይመለስም፤ ያውም ያን ሁሉ ሰው ፊት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምግብ ጋር ተኳረፈች። ጠዋት ስኳር የሌለው ሻይ፣ ቀን ካሮት፣ ማታ ውሃና ትዕግሥት። የሥራ ባልደረቦቿ የምሳ ዕቃቸውን ሲከፍቱ እሷ ኮሪደር ወጥታ ካሮቷን ትቆረጥማለች። ዘበኛው በዚያ ባለፈ ቁጥር «ዛሬም ጥንቸል ግቢ ገብቷል» ይላል፣ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ። እሷም ትስቃለች፤ ስትስቅ ሆዷ ያማታል።

አክስቷን በዚህ መሀል ላስተዋውቃችሁ። እንጨት የመሰለች ቀጭን ሴት ናት። በልታ የማታውቅ ትመስላለች እንጂ ከሁለቱ ልጆች ድምር በላይ ትበላለች፤ የት እንደምታደርገው እግዜር ይወቀው። ፍቅሯን የምትሰፍረው በጭልፋ ነው። የተነካካ ሳህን ወደ ማድቤት ሲመለስባት ደሟ ይፈላል። ጥሩንባ ይህን ስለምታውቅ «ቢሮ በልቼ ነው የመጣሁት» እያለች ሳምንታትን ገፋች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልብስ ልታሰጣ እጇን ወደ ገመዱ ስታነሣ አክስትየው ከኋላዋ ባልዲ ይዛ ቆማ ነበር። ከክንዷ ጋር ተጣብቆ ይኖር የነበረው እጅጌ አሁን ላልቶ ይወዛወዛል።

«ውይ» አለች አክስትየው፣ ባልዲዋን አስቀምጣ። «ከሳሽብኝ።»

ስንት ዘመን የተጠበቀችው ቃል መጣች። ግን «ብኝ» የምትባለውን ጓደኛዋን አስከትላ ነው የመጣችው። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ በእኛ አፍ ሰው ለራሱ ብቻ አይከሳም፤ በሚወደው ሰው ላይ ነው የሚከሳው። ሲወፍርም ለሰው ነው፤ ወፈርሽልኝ ይባላል እንጂ ወፈርሽብኝ የሚል አክስት አልሰማሁም። ጥሩንባ ደስ ሊላት ጀምሮ ነበር። የአክስቷን ዓይን ስታይ ደስታው መንገድ ላይ ቀረ።

«ማን ምን አለሽ?» አለች አክስትየው።

«ማንም። ቀሚሱ እንዲገባልኝ ነው፣ እቴቴ።»

«ቀሚስ በሰው ልክ ይሰፋል እንጂ ሰው በቀሚስ ልክ ይሰፋል?»

«በእናንተ ጊዜና በእኛ ጊዜ አንድ አይደለም። አንቺ ደግሞ ቀጭን ሆነሽ ምን ቸገረሽ።»

«በእኛ ጊዜማ» ብላ አክስትየው ጀመረች። ከዚያ ምን ትዝ እንዳላት እንጃ፣ ፊቷ ላይ ሳቅ የመሰለ ነገር መጣና ተወችው። ባልዲዋን አንሥታ ገባች።

ሰርጉ ሲቃረብ ገላዋ ትንሽ ቀለለ። ድምፅዋ ግን ከገላዋ ቀድሞ ከሳ። መጀመሪያ ሻይ ቤቱ ድረስ መድረስ አቃተው፣ ቀጥሎ ዛፉ ድረስ። ባለጉዳዮች «ተጠርተናል እንዴ?» እያሉ መምጣት ጀመሩ። እሷ ብርድ ነው አለች። ብርድ አልነበረም።

ታዲያ አንድ ጠዋት፣ ሰርጉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የመጀመሪያው መዝገብ የአንዲት ባልቴት ነበር። ባላቸው ከሞተ በኋላ አከራያቸው ሳይነግራቸው የክፍሉን ቁልፍ ቀይሮ፣ ዕቃቸው ውስጥ እሳቸው ውጭ ሆነው፣ «በሬ ይከፈትልኝ» ብለው ነው ክስ ያቀረቡት። ጥሩንባ ይህን ያወቀችው ከወረቀቱ ነው እንጂ ሴትዮዋን አይታቸው አታውቅም። ደንቡ ቀላል ነው፤ ከሳሽ ተጠርቶ ካልቀረበ መዝገቡ ይዘጋል። የተዘጋ መዝገብ እስኪከፈት ደግሞ አሮጊት ሴት ውጭ ስንት ጊዜ ታድራለች?

ጥሩንባ በሩ ላይ ቆመች። ከረሃብ የተነሣ ጆሮዋ ጭው ይላል። ስማቸውን ልትጠራ ጀመረች፤ ስሙ ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረ። የወጣችው የመጨረሻዋ ቃል ብቻ ናት፤ እሷም ሹክሹክታ ሆና፦

«...ከሳሽ።»

ይህን የሰሙት በሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ፣ ከረጢታቸውን ያቀፉ አንዲት አሮጊት ብቻ ናቸው። ቀና አሉ። ጥሩንባ ወደሳቸው እያየች ስለነበር ለሳቸው የተነገረ መሰላቸው።

«አዎ ልጄ፣ ከሳሁ» አሉ፣ በትካዜ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ሀሳብ ነው ያከሳኝ። አንቺስ አየሽልኝ፤ ሌላው ማን አይቶልኝ።»

«አይዞዎት» አለች ጥሩንባ፤ ልቧ እዚያ አልነበረም። ደግማ ልትጠራ ሞከረች። ደግሞም አልወጣም። ግድግዳውን ይዛ ተመለሰች።

«ክብርት ዳኛ፣ ተከሳሽ ቀርበዋል። ከሳሽ አልቀረቡም።»

አከራዩ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ዳኛዋ ብዕራቸውን አነሡ። ጥሩንባ ብዕሩን እያየች ሳለ የአሮጊቷ ነገር ተመልሶ መጣባት። ሰው ከመሬት ተነሥቶ ለማያውቀው ሰው «አዎ፣ ከሳሁ» አይልም። «አዎ» የሚለው ሲጠየቅ ነው። እሷ ምን ብላ ጠየቀቻቸው? ከሳሽ ብላ፤ የክስ ጥሪ መሆኑ ሳይገባቸው የመለሱት ባለጉዳይዋ ራሳቸው ቢሆኑስ?

«ክብርት ዳኛ፣ ይቅርታ» አለች። «ከሳሽ አሉ። ውጭ ተቀምጠዋል። እኔ ነኝ አሳምሬ ያልጠራኋቸው።»

ዳኛዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «አንቺ? አንቺ ጠርተሽ ሰው ሳይሰማ?»

«ድምፄ አልወጣም።»

«በይ አምጪያቸው» አሉ ዳኛዋ፣ ብዕራቸውን አስቀምጠው።

አሮጊቷ እንደተቀመጡ ናቸው። ጥሩንባ አጠገባቸው ተንበረከከች። «እማማ፣ ከሳሽ እርስዎ ነዎት?»

«ነገርኩሽ እኮ፣ ከሳሁ።»

«የሰውነቱን አይደለም። ፍርድ ቤት የከሰሱት፣ በሬ ተዘጋብኝ ያሉት?»

«እኔማ ከስሼም ከስቼም ነው የተቀመጥኩት» አሉ አሮጊቷ። «እስኪጠሩኝ ነው የምጠብቀው። የሚጠራ ሰው የላችሁም እንዴ?»

ጥሩንባ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ዳኛዋ ሁለቱን ወገን ሰምተው በሩ በዚያው ዕለት እንዲከፈት አዘዙ፤ ለቀረው ክርክር ቀጠሮ ሰጡ። አከራዩ ሲወጣ እንደ አገባቡ አልነበረም።

በዕረፍት ሰዓት ባልቴቷ እዚያው አግዳሚ ላይ ጠበቋት። ጥሩንባ ነገሩን ከነምክንያቱ ነገረቻቸው፤ ሰውን ያህል ነገር በር ላይ ሊያስቀር የነበረው የወገቧ ነገር መሆኑን ሳትደብቅ። መልስ ሳይሰጧት ሆዷ ጮኸ፤ ዘበኛው እስኪዞር ድረስ።

«ይኸው» አሉ ባልቴቷ። «ካፍሽ ይልቅ ሆድሽ ነው የሚጣራው።» ከከረጢታቸው ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አውጥተው ጭኗ ላይ አኖሩ። «ብይ። እኔማ ከሳሽ ስትይኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ሁሉም አንቱ ነው የሚለኝ፤ አንቺ ብሎ ከሳሽ የሚለኝ ባሌ ብቻ ነበር። አንቺ ስትይኝ ሰው ያገኘሁ መሰለኝ።»

ጥሩንባ በላች። ዳቦው ትናንት የተጋገረ ነው፣ ግን እንደዚያ የጣፈጣት ነገር ትዝ አይላትም። እየበላች እንባዋ መጣ። አፍራ ነው፤ ደግሞም ርቧት ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሰው ያስለቅሳሉ።

ቀሚሱ በማግስቱ መጣ። ሙሽራዋ ራሷ ከልብስ ሰፊዋ ቤት ተቀብላ አመጣችው፤ በአክስቷ ክፍል፣ ቁም ሣጥኑ በር ላይ ባለው መስታወት ፊት ሊሞከር ነው። ጥሩንባ እግሯን አስገባች፣ ክንዷን አስገባች። ሙሽራዋ ከኋላ ዚፑን ሳበች። ዚፑ እስከ ወገቧ ድረስ ወጣና እንደ ግትር በቅሎ ቆመ። ትንፋሿን ዋጠች፤ አልሄደም። አክስትየው መጥታ ስባ አየች፤ አልሄደም። ያ ሁሉ ካሮት ለግማሽ ዚፕ።

«ተዉት» አለች ጥሩንባ። ረጋ ብላ ነው ያለችው፤ አስባበት ነበር። «ከእንግዲህ ሆዴን አላስርብም፤ ትናንት የሆነውን ነግሬያችኋለሁ። እኔ ከኋላ እቆማለሁ። ፎቶው ላይ አልታይም። አላሳፍርሽም።»

ሙሽራዋ ዚፑን ለቀቀችው። «ማን አፈረ?»

«ያን ቀን ልብስ ሰፊዋ ቤት ፊትሽ ሲቀላ አይቻለሁ።»

«ተናድጄ ነዋ። በእሷ ተናደድኩ፣ ከእሷ ይልቅ በራሴ ተናደድኩ። ታላቅ እህቴ ሲሳቅባት አፌን መክፈት አቃተኝ። በኋላ ብቻዋን ጠርቼ ነግሬያታለሁ። ላንቺ ግን እንዴት ብዬ ላንሣው? አንቺ ደግሞ አብረሽ ስቀሻል።» ሙሽራዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እታለም፣ አዝለሽ ስትይዢኝ ጀርባሽ ፍራሽ ነበር የሚመስለኝ። እዚያ ላይ ነው ያደግሁት። አሁን እሱን ቀንሺ ብዬ ላፍርብሽ?»

ጥሩንባ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። የፈረደችው ፍርድ ያለ ምስክር እንደነበር አሁን ገባት።

«ከኋላ የሚባል ነገር አልሰማሁም» አለች አክስትየው ከወደ ጥግ። «ግን ራቁቷን አትቆምም። አረንጓዴው አልገባ ብሏል።» ትንሽ አሰበችና ሳቅ አመለጣት። «በእኛ ጊዜማ...»

«ሁልጊዜ ትጀምሪና ትተዪዋለሽ» አለች ሙሽራዋ።

አክስትየው አልጋው ሥር ጎንበስ ብላ አሮጌ ሻንጣ ጎትታ አወጣች። ከውስጡ በነጭ አንሶላ የተጠቀለለ፣ ቀለሙ እንደ ወይን ጠጅ የጠቆረ ቀሚስ አወጣች። ስታራግፈው ከውስጡ ሁለት ነገር ዱብ ዱብ አለ። ትንንሽ ትራሶች ናቸው፤ ጥጥ የታጨቀባቸው፣ ዳራቸው በእጅ የተሰፋ፣ ማሰሪያ ያላቸው።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ጥሩንባ።

«ዳሌዬ ነው» አለች አክስትየው።

እህትማማቾቹ ተያዩ።

«ምን ታዩኛላችሁ? ልታጭ ሳለሁ የባሌ እናት አየችኝና ‹ይህችን ነፋስ አይወስዳትም?› ብላ ሰው ፊት ተናገረች። ያኔ ሞላ ያለች ነበረች ቆንጆ የምትባለው፤ ቀጭን ሴት በሽተኛ ወይም ቋጣሪ ናት። ቅባት ጠጣሁ፣ ተኛሁ፣ እንቅልፍ ያወፍራል ሲሉኝ ቀን በቀን ተኛሁ፤ አልወፍር አልኩ። ለልብስ ሰፊው አጎቴ ‹ሰፋ አድርገህ ስፋው፣ እስከ ሰርጉ እወፍራለሁ› አልኩት።»

ሙሽራዋ አፏን በእጇ ያዘች። ጥሩንባ ሳቋን ዋጠች።

«አልወፈርኩም። ጥጥ ጠቀጠቅሁ። በዳሌ በዳሌዬ አንዳንድ፣ ደረቴ ላይ ደግሞ ጨርቅ። አምሮብኝ ነበር፣ አልዋሽም። በኋላ ጭፈራው ሲጦፍ አንደኛው ማሰሪያ ተፈታና ትራሱ ዞሮ ሆዴ ላይ መጣ። ሙሽሪት በአንድ ቀን አረገዘች። ሰዉ ጭፈራውን ትቶ ወራት መቁጠር ጀመረ። ባሌማ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ማታ ግማሼን ሲያጣኝ ‹የቀረችው መቼ ነው የምትመጣ?› አለኝ።»

ሁለቱ ልጆች አልጋው ላይ ወድቀው ሳቁ። አክስትየውም የሳቅ እንባዋን እየጠረገች ቀሚሱን ዘረጋችላት። «እስቲ ግቢበት።»

ጥሩንባ ከአረንጓዴው ወጥታ ወደ ወይን ጠጁ ገባች። ትራስ የለ፣ ጨርቅ የለ። አክስትየው ከኋላ ቁልፎቹን ከታች ጀምራ ትቆልፍ ጀመር። አንዱ ቆለፈ፣ ቀጣዩ ቆለፈ፣ ጀርባዋ ላይ እየወጣ እስከ አንገቷ ደረሰ። አንድም አልተጎተተ፣ አንድም አልላላ። ዳሌው ዳሌዋ ላይ ተቀመጠ፣ ደረቱም ደረቷ ላይ። በልኳ የተሰፋ ነው ብትሉ ማንም አይከራከራችሁም።

ሦስቱም መስታወቱን አዩ።

«አይገርምም» አለች አክስትየው ቀስ ብላ። እጇ የቀሚሱን ወገብ እያስተካከለ ነበር፣ የሚስተካከል ነገር ባይኖረውም። «ያን ሁሉ ጥጥ የጠቀጠቅሁት አንቺን ለመምሰል ነው። አንቺ ገና ሳትወለጂ።»

ጥሩንባ መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ሴት ትክ ብላ አየቻት። ሆዷን ወደ ውስጥ አልሳበችም፤ ትዝም አላላትም።

አረንጓዴው ቀሚስ ወደ ልብስ ሰፊዋ ተመለሰ። ልብስ ሰፊዋ አላለቀስሽም ወይ ብላ አልጠየቀችም፤ መቀሷን አንሥታ ከእሱ ሰፊ ቀበቶና የአንገት ሻርፕ አወጣች። በሰርጉ ቀን ጥሩንባ ከእህቷ ጎን በወይን ጠጅ ቀሚስና በአረንጓዴ ቀበቶ ቆመች። ሰው ሁሉ ልዩ የሆነችው ታላቅ ስለሆነች ተመካክረውበት ነው ብሎ አሰበ። ምግብ ሲቀርብ ቅንድቧን የምትስለው ልጅ ቀስ ብላ መጣችና ጆሮዋ ሥር «እባክሽ እህቴ፣ ዚፔን ትንሽ ዝቅ አድርጊልኝ፤ ስትለካኝ ትንፋሼን ውጬ ነበር፤ ሳልበላ ልሞት ነው» አለቻት። ከዚያ መሬት መሬት እያየች «ያን ቀን ስለተናገርኩት ደግሞ...» ስትል፣ ጥሩንባ ዚፑን ዝቅ አደረገችላትና «ሂጂ ብይ» አለቻት። ሻርፗንም አውልቃ ጀርባዋን ሸፈነችላት። እሷ ራሷ ሁለቴ ተነሥታ በላች። አክስትየው ከማዶ ሆና ሳህኑ ባዶ ሲመለስ በዓይኗ ሸኘችው።

ያ ድምፅ ተመለሰ ወይ ትሉኝ ይሆናል። የባልቴቷ ቀጠሮ ሲደርስ እሳቸው በማለዳ መጥተው ያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። በራቸው ተከፍቷል፣ እንቅልፍም አግኝተዋል፤ ፊታቸው ያስታውቃል። ጥሩንባ ከችሎቱ ስትወጣ ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«እሰይ» አሉ። «ወፈርሽልኝ።»

ጥሩንባ ቃሉን አጣጣመችው። ድሮ ቢሆን ቀኗ ይበላሽ ነበር። አሁን «ልኝ» የምትለዋ ነገር ደረቷ ውስጥ ሞቃ ተቀመጠች።

«ተመስገን» አለች። «እርስዎም ከስተው አላየሁዎትም።»

ከዚያ በሩ ላይ ቆማ አየሩን እስከ ሆዷ ሳበችና፣ ስማቸውን ከነአባታቸው ጠርታ አስከተለችበት፦ «ከሳሽ!»

ሻይ ቤቱ ውስጥ ብርጭቆዎች ተቀመጡ። ዛፉ ሥር የተኛው ተነሣ። ከመንገዱ ማዶ ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ትከሻ ቶሎ ያዘ። ባልቴቷ እዚያው አጠገቧ ቆመው ሁለት ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደፍነዋል።

«ሰማሁ፣ ልጄ» አሉ እየሳቁ። «አሁንስ የትኛውን እንደሆነ ገብቶኛል።»